ዝም ባዮቹ ዘንድ ለእርቅ የሄድኩበት ሳምንት

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ትልቁ ሰዓት ነው። አላየኋቸውም። እኔ ያየሁት የእህቴን ኩሽና፣ የአንድ ቱርክ ፀጉር ቤት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ደብዳቤዎችና ዝም ብለው የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ነው። ትልቁን ሰዓት የፈለገ ሌላ መንገደኛ ይጠይቅ፤ እኔ የሄድኩት ለእርቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ዘነበች ለንደን ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በስደት ገብታ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ፣ አንዲት ልጇን ሊያን ብቻዋን አሳደገች። ሊያ አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትታ ኩዌከር ከሚባሉ እንግሊዞች ጋር መቀመጥ ጀመረች። መቀመጥ ያልኩት በምክንያት ነው። ሰዎቹ ቄስ የላቸው፣ ቅዳሴ የላቸው፣ መዝሙር የላቸው፤ ወንበር በክብ ደርድረው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ይሉና ሻይ ጠጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዘነበች ይህን ስትሰማ «ከዛሬ ጀምሮ እናት የለሽም» አለቻት። ሊያም ልብሷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር፣ እናትና ልጅ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ አልተነጋገሩም።

«ጋሼ፣ አንተ ካልመጣህ ልጄን አጣኋት» ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ። እኔ ደግሞ የዘነበችን ለቅሶ ከልጅነቷ ጀምሮ አልችልም። የቤተሰባችን የንስሐ አባት መምሬ አያሌው ጉዞዬን ሲሰሙ አንድ ደብዳቤ ጽፈው፣ በፕላስተር አሽገው፣ «ለልጅቷ፣ ከእጅህ ወደ እጇ» ብለው ሰጡኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የሰው ደብዳቤ ማድረስ እንጂ ማንበብ አላውቅም፤ ተቀብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ጧት ደረስኩ። አየር ማረፊያው ላይ አንድ ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣዬን አስከፍቶ አፍንጫውን በርበሬው ላይ ደፋ። «ተው፣ ተው የኔ ልጅ!» ብዬው ነበር፤ በአማርኛ ስለሆነ አልሰማኝም። ሲያስነጥስ ሲያስነጥስ ቆይቶ እንባው እየወረደ በእጁ ሂድ አለኝ። ይማርህ ብዬው አለፍኩ።

ስለ ለንደን ዝናብ ሲያስፈራሩኝ የነበሩ ሰዎች ደሴን በነሐሴ አያውቋትም። የኛ ጉም የጦሳን ተራራ አንዴ ከዋጠው ለሳምንት አይተፋውም፤ የነሱ ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎ እንደ አፈረ ሰው ይመለሳል። ዘነበች ስትሪትሃም የሚባል ሰፈር፣ ከትልቁ መንገድ ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። «ጋሼ፣ ይህቺን ቤት እኮ ካውንስሉን አፕላይ አድርጌ ስንት ዓመት ጠብቄ ነው» አለችኝ በሩን ስትከፍት። ካውንስል የምትለው ማዘጋጃ ቤቱን ነው። አማርኛዋ ግማሹ ከሀገር የወጣችበት ቀን ላይ ቆሟል፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኗል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለነበረው ዳቦ ቤት ጠየቀችኝ። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ስንት ዘመኑ!

ራት ላይ ጾም ነውና ይዤላት የሄድኩትን ሽሮ ሠራች፤ በላን፤ ደከመኝ። ሁለት መኝታ ቤት አላት። ሁለተኛውን ከፍቼ ሳይ አልጋው ተነጥፏል፣ ትራሱ ተነፍቷል። ሻንጣዬን ላስገባ ስል ዘነበች ቀደመችኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ያ የሊያ ነው። ድንገት ብትመጣ የት ልትተኛ ነው?» እናት የለሽም የተባለችው ልጅ አንሶላ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ስድስት ሀገር አቋርጬ የመጣሁት ታላቅ ወንድም ሶፋ ላይ አደርኩ።

ቅዳሜ ዘነበች ሽፍት ነበረባት፤ አቅመ ደካሞች በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ሊያ ወደምትኖርበት ወደ ፊንስበሪ ፓርክ የሚወስደውን አውቶቡስና ባቡር፣ ከሊያም ስልክ ቁጥር ጋር፣ ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ወጣች። ባቡሩን በሰላም ጨረስኩት። ጣቢያው ግን አፉ ብዙ ነው፤ በተሳሳተው ወጣሁ። ደሴ ቢሆን አንዱን አስቁሜ፣ እንደምን አደርክ ብዬ፣ ቤተሰቡን ጠይቄ፣ መንገዱን ነግሮኝ ግማሹን ይሸኘኝ ነበር። እዚህ «እንደምን»ን ሳልጨርስ ሰውየው አውቶቡስ ውስጥ ገብቷል። በመጨረሻ በሩ ክፍት የሆነ ፀጉር ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ቱርክ ነው። ወረቀቴን ሳሳየው ትከሻዬን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ እንግዳ አክባሪ ነው ብዬ ስመርቀው ነጭ ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረ። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ ከሊያ ጋር እያወራ ጺሜን ሙልጭ አደረገው።

አሥር ዓመት ያሳደግኩት ጺም ነበር። ለሽማግሌነት ያስፈልገኛል ብዬ አበጥሬው ነው ከደሴ የተነሣሁት። ሰውየው ሻይ አመጣልኝ፣ ገንዘቤንም አልቀበልም ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሊያ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ጋሼ? በስልክ ሳይዎት ጺም ነበረዎት እኮ።» ጉድ ነው! አስታራቂ ተብሎ የተላከ ሽማግሌ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ገባ።

ሊያን ከስልክ መስኮት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው። እናቷን ቁርጥ ናት፤ ስትቆጣ ከንፈሯ ሳይቀር። ፓስታ በአትክልት ቀቀለችልኝ። ከምሳ በኋላ የመምሬን ደብዳቤ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ከፈተችው፣ አገላበጠችው። «ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። የታተመ ቢሆን ትራይ አደርግ ነበር። ያንብቡልኝ።»

በሠላሳ አምስት ዓመት ያልሠራሁትን ኃጢአት ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ሠራሁት። መምሬ አያሌው ግማሹን ገጽ በሰላምታ ፈጅተዋል። ቀጥለው የባለቤቷን ጤንነት ጠይቀዋል፤ ባል የላትም። ቀጥለው የሰባት ቀን ጾምና በቀን አርባ ስግደት አዝዘዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የማንበቢያ መነጽር ከተገኘ በአጎትሽ እጅ ላኪልኝ ይላሉ። እናትሽ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «መነጽሩን እገዛላቸዋለሁ» አለች። ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከደሴ ደብዳቤ መጣልኝ። ከስትሪትሃም ግን የለም። እኔ ደግሞ፣ አለ አይደል፣ የምፈልገው ከእሷ ነበር።»

«ታዲያ አንቺ ደውይላታ!»

«ብሎክ አድርጋኛለች ጋሼ። ደወልኩ፤ ሁለት ሳይሆን ሦስቴ ደወልኩ። በቃ።» ዓይኗ ቀላ። እኔም ከደሴ ይዤው የመጣሁትን ጥቅስና ተረት ሁሉ ትቼ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመርኩ።

እሑድ ከዘነበች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው የኛው ቅዳሴ ነው፤ ከበሮውም የኛው። ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ሲቀርብ ሴቶቹ እየመጡ እጇን ይይዟታል። «ልጅሽስ? አይዞሽ፣ እሱ ይመልሳታል» ይላሉ፣ ድምፃቸውን እንደ ለቅሶ ቤት ዝቅ አድርገው። ዘነበች በየተራው አንገቷን ትደፋለች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ሰው እኮ የሞተችብኝ ነው የሚያስመስለው!» ብላ ተቆጣች። እናት የለሽም ያልሻት አንቺ ነሽ የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሽማግሌ አፉ ላይ የመጣውን ሁሉ አይናገርም፤ ጺም ከሌለው ደግሞ ጭራሽ።

ሰኞ ሊያ የምትውልበትን ላሳይዎት አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከተማው መሀል ባለ የኩዌከሮች ቤት ውስጥ የድሮ ደብዳቤ እያነበበች ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች፤ በነፃ ነው። የመምሬን የእጅ ጽሑፍ አልችልም ያለችኝ ልጅ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን የእንግሊዞች ጭረት እንደ ውኃ ታንቆረቁረዋለች! ማዕድ እንደሚቀርብ ሰው እጃችንን ታጥበን ገባን። ደብዳቤዎቹ ፖስታ የላቸውም፤ ወረቀቱ ራሱ ላይ ታጥፎ በሰም ታሽጓል። ቴምብር የለ። አድራሻው ከእከሌ ሱቅ ፊት ለፊት ለሚኖረው ዓይነት ነው፣ ልክ እንደኛ። ወደዚያ ከተማ የሚሄድ ሰው ኪስ ውስጥ ተከትቶ ይላካል። ይኸው፣ የፖስታ ቤት ሥራ ከእኔ በፊትም በኪስ ይሠራ ነበር አልኩ።

የዚያን ጊዜ ኩዌከሮች ቄስ የለንም ይበሉ እንጂ ሰባኪዎች ነበሯቸው፤ ወንድም ሴትም። ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ብዙ ጊዜም ይታሰራሉ። ቤተሰብ የጨነቀውን ይጽፍላቸዋል፤ እነሱ ከመንገድ ወይም ከእስር ቤት ምክር ይመልሳሉ። በኛ ቋንቋ የንስሐ አባት በፖስታ ማለት ነው። የኛው መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ጠበል ረጭቶ ይመክራል፤ የነሱ እየራበው ይጽፋል። አንዷ ሰባኪ ልጆቿን ለባሏ ትታ ባሕር ተሻግራ ኖሮ፣ ከመርከብ ላይ ስለ ልጆቹ ጫማና ስለ ባልየው ነፍስ በአንድ መስመር ትጽፋለች። «ባልየው ምን ብሎ መለሰ?» አልኩ። «ጫማው ጠቧቸዋል ብሎ» አለች ሊያ። ስለ ነፍሱ ምንም አላለም።

ለማንም አንቱ አይሉም ነበር አለችኝ። ዳኛውንም አንተ፣ ንጉሡንም አንተ። ባርኔጣም አያወልቁም። «ለዚህ ታሰሩ?» «ለዚህም ታስረዋል።» «ወሎ ቢሆን ዳኛ ፊት አይደርሱም ነበር፤ እናቶቻቸው አስቀድመው ይቆነጥጧቸዋል» አልኳት፤ በጣም ሳቀች። እኔ ግን ከሁሉ የደነገጥኩት የምክሩ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ እየተገለበጠ ለጎረቤት ሁሉ ይነበብ ነበር ስትለኝ ነው። የሰው ገመና! ደሴ ላይ እንዲህ ብናደርግ ከተማዋ በሳምንት ትፈርስ ነበር።

ከዚያ ሊያ ሁለት ደብዳቤዎች አወጣች። የመጀመሪያውን ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ። የጻፈችው ባሏ የሞተባት ኩዌከር ናት። ልጇ ጥላት ሄዳ በቄስ አግብታለች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ተመልሳለች። እናቲቱ በሯን ዘግታባታለች፤ አሁን እስር ቤት ላለ ሰባኪ ጽፋ ምን ላድርግ ትለዋለች። የኛው ጉድ፣ ተገልብጦ! ሁለተኛው የሰባኪው መልስ ነው። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ዓለም ከንቱነት አራት ገጽ ሙሉ ያወርድባታል። ወረቀቱ ሲያልቅበት ጠርዙ ላይ፣ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሯል፤ ይህን ሁሉ ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት ለእሷ ጽፈሽላታል ወይ የሚል።

«እና ጻፈችላት?» አልኩ።

«አናውቅም ጋሼ። ቀጣዩ ደብዳቤ የለም።»

«ልጅቷስ?»

«አናውቅም።» ወረቀቱን ወደ ማኅደሩ ከመመለሷ በፊት ጠርዙ ላይ ያለችውን ጥያቄ አንድ ጊዜ ደግማ አነበበች። ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ። ፖስታ ቤት ያረጀ ሰው ስለ ጠፋ ደብዳቤ ብዙ ያውቃል፤ ጠፋ ከሚባለው አብዛኛው መጀመሪያውኑ ያልተጻፈ ነው።

ማክሰኞ ዘነበች ሽንኩርት ስትከትፍ የዚያችን እናት ነገር አጫወትኳት። የሰፈር ወሬ አስመስዬ፣ ዘመኑን ሳልናገር ጀመርኩ። «ወይ ጭካኔ! በሩን ዘጋችባት?» አለች። ወደ መጨረሻው ስደርስ ቢላዋውን አቆመች። «ታዲያ ልጅቷ መጣች?»

«አይታወቅም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«እንዴት አይታወቅም! ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» ብላ እኔ ላይ ጮኸች። ቢላዋውን መልሳ አነሣች። ሽንኩርቱ ከሚያስለቅሰው በላይ እያለቀሰች ጨረሰችው። ምሳ ከበላን በኋላ «ሰዎቹ የሚቀመጡት መቼ ነው?» አለችኝ። ሊያ እንደነገረችኝ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ደብዳቤዎቹ ያሉበት ቤት ውስጥ ነው አልኳት። «ነገ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለኝም። መጥቼ አያለሁ። ለማየት ብቻ ነው ጋሼ! በር ላይ ነው የምቀመጠው። ለሊያ ብትነግራት ተጣላን።» አልነገርኳትም።

ረቡዕ እኔ ቀድሜ ገብቼ ሊያ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሃያ የሚሆን ሰው ነው፣ አብዛኛው ሽበታም። መሀል ላይ አበባ ያለበት ጠረጴዛ አለ። ዝም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ይንሾካሾካል፤ እነዚህ ሳል እንኳ በፈቃድ የሚያስሉ ይመስላሉ። ዘነበች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሊያ አየቻት። ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ግን ዝምታው ይዟት ትንፍሽ አላለችም።

ጥቂት ቆይቶ በጣም ያረጁ ሰውዬ ምርኩዛቸውን ይዘው አርፍደው ገቡ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ተነሥቶ ኖር ይላል፤ የገባውም በእግዜር ብሎ ያስቀምጠዋል። እስከዚያ መቀመጥ ነውር ነው። እኔና ዘነበች፣ አንዳችን ከዚህ አንዳችን ከዚያ፣ ብድግ ብለን «ኖር!» አልን። ሰውዬው ፈገግ ብለው ወንበራቸውን ያዙ። ሊያ የኮቴን ጫፍ ጎተተች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ! እዚህ የቆመ ሰው ሊናገር ነው ማለት ነው!» ተቀመጥኩ። ለዘነበች የሚነግራት አልነበረም። በእግዜር ያላት ሰው የለም፣ እሷም ወሎዬ ናት፤ ቆማ ቀረች።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ደቂቃ አለፈ። ሌላም አለፈ።

«በእግዜር የሚል የለም እንዴ እዚህ አገር?» አለች በአማርኛ። ማንም ቀና አላለም፣ ማንም አላቋረጣት። ግራና ቀኝ አየች። መጀመሪያ የምትወጣ መስሎኝ ነበር።

«እኔ እንግሊዝኛ የሥራ ነው የማውቀው» አለች። «ክኒንሽን ዋጪ፣ እግርሽን አንሺ፣ ሻይ ላምጣልሽ። እንዲህ ያለውን አላውቅም።» ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገችው። «ሊያ። እናት የለሽም ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስልኩንም ብሎክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ መልሼ ከፍቼዋለሁ፤ ግን አልነገርኩሽም። ትደውላለች ብዬ ሽፍት ላይ ስልኬን ደረቴ ውስጥ ይዤ ነው የምውለው። አሮጊቶቹን እያጠብኩ ይንጫረር እንደሆነ እሰማለሁ። ለሰው ሃይማኖቷን ስለተወች ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ያናደደኝ ያለ እኔ ደስ ብሎሽ ማየቴ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጨረስኩ።»

ጨረስኩ ብላም አልተቀመጠችም፤ ቆማ ቀረች። እዚያ ቤት አንድ ሰው ከተናገረ በኋላ ወዲያው አይናገሩም፤ የተባለው ነገር በዝምታ እንዲረጋ ይተዉታል። ሊያ ይህን ከሁላችን በላይ ታውቃለች። ግን ብድግ አለች።

«በእግዜር፣ እማዬ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «በእግዜር። ቁጭ በይ።»

ዘነበች ቁጭ አለች። እኔ በመሀረቤ ፊቴን ሸፈንኩ፤ አልቅሼ አላውቅም የሚል ቃል ከኔ አይሰማም።

ሻይ ላይ ምን እንዳለች የጠየቀ ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ የዘነበችን እጅ ይዘው ስለ ቃሏ አመሰገኗት፤ አንድ ቃል እንኳ አልገባቸውም እኮ! ባለ ምርኩዙ ሰውዬም ጉልበታቸው አስቸግሯቸው እንዳረፈዱ በሊያ በኩል ይቅርታ ጠየቁ። «ኖር ሲባሉ በእግዜር ይባላል ብለሽ ንገሪልኝ» አለች ዘነበች። ነገረቻቸው፤ ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ አጠኑት። ብስኩቱን ግን ቅቤ አለበት፣ ረቡዕ ነው ብላ መለሰችው።

የሊያ አውቶቡስ ወደ ሰሜን፣ የኛ ወደ ደቡብ ነው። «ልሸኛችሁ» ብላ ወደኛ ፌርማታ ተሻገረች። አውቶቡሱ ሲመጣ «እስከሚቀጥለው ብቻ» ብላ አብራን ወጣች። አውቶቡሱ ባለ ፎቅ ነው፤ ፎቁ ላይ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ገና ከመነሣታችን በጃኬቷ ስስነት ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ በመክሳቷ፤ ከዚያ በዚያ ብስኩት። በሃይማኖቱ ነገር አልተስማሙም፣ የሚስማሙም አይመስለኝም። ፌርማታው ሲያልፍ ሊያ «እሺ፣ እስከሚቀጥለው» ትላለች። ዘነበች ደግሞ በየፌርማታው «ውረጂ እንግዲህ፣ ነገ ሥራ አለሽ» ትላታለች፤ እጅጌዋን ግን እስከ ስትሪትሃም አልለቀቀችውም።